የአህያዋ ቴርሞሜትርና የአያ ጅቦ አጥንት

አንድ ጊዜ አያ አንበሶን ሆዱን ክፉኛ አመመው። የጫካው ሐኪም እማማ ኤሊ እየተንፏቀቀች መጥታ ሆዱን ዳሰሰችና ፍርዷን ሰጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ሥጋ በደጅዎ እንዳያልፍ! ደም ያለበት ሥጋ ከበሉ፣ እኔን ሳይሆን ቀባሪ ይጥሩ።»

አንበሳ ጥሬ ሥጋ ተከለከለ! ይህን የሰማ አውሬ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ምን ይደረግ፣ ወጥ ቤት መቅጠር ግድ ሆነ። ሥጋ ያውቃል ተብሎ መጀመሪያ የተቀጠረው አያ ጅቦ ነበር። እሱም የበግ ታፋ እሳት ላይ አድርጎ «በስሎ እንደሆን እስቲ ልቅመሰው» አለ። ቀመሰ። «ገና ነው መሰለኝ» ብሎ ደገመ። ሲቀምስ፣ ሲቀምስ፣ በመጨረሻ ለአያ አንበሶ ባዶ ሳህን ቀረበለት።

«ሥጋው የት አለ?»

«መብሰሉን ሳረጋግጥ አለቀ፣ ጌታዬ።»

አያ አንበሶ ጅቡን አባረረና «ሥጋ የማይበላ ወጥ ቤት አምጡልኝ!» ብሎ አዘዘ። አህያ ተጎትታ መጣች።

«ጌታዬ፣ እኔ ከሣር በቀር የቀመስኩት የለም። የሥጋ መብሰል በምን አውቃለሁ?»

«እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው። ደም ያየሁ ቀን ግን የምጠብሰው አንቺን ነው!»

ምስኪኗ አህያ በፍርሃት ሥጋውን ከሰል እስኪመስል ጠበሰችው። አያ አንበሶ ቢነክሰው ጥርሱ ተነቃነቀ። «ይህ ሥጋ ነው ወይስ የሞፈር ምራን?» ብሎ ጮኸ። ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ከበር ኋላ ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ እኔንና እሷን በአደባባይ ያወዳድሩን። የተሸነፈ ይጠበስ!»

እሷ ስትሸነፍ አጥንቷ ለእሱ እንደሚተርፍ እያሰበ ምራቁን ይውጥ ነበር። አያ አንበሶም ውድድሩን ለእሑድ ቀጠረ።

አህያ እያለቀሰች እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ፣ መቅመስ ካልቻልሽ ለኪው እንጂ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት ኤሊ። «የሥጋ ቴርሞሜትር የሚባል አለ። ወስፌ የመሰለ ጫፉን ሥጋው ውስጥ ስትሰኪው የውስጡን ሙቀት በቁጥር ያሳይሻል። ለጌታችን ሆድ ሰባ ዲግሪ ይበቃል፤ በጣም ካለፈ ይደርቅብሻል። ስትገዢ ግን በመልኩ አትሸወጂ። በረዶ የሞላበት ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ዜሮ ካላለ ውሸታም ነው።»

አህያ በቅል በረዶና ውሃ ይዛ ገበያ ወረደች። ነጋዴው ቀበሮ ገና ከሩቅ ሲያያት ተነሣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እሜቴ! ይህን እይልኝማ፤ ወርቅ ቅብ ነው። ሥጋው ሲበስል ይዘፍንልሻል!»

አህያ ተቀብላ ቅሉ ውስጥ ነከረችው። አሥራ አምስት አለ።

«በረዶ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው እንዴ?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዛሬ እኮ ፀሐዩ ጠንከር ብሏል።»

«ፀሐዩ ቢጠነክር በረዶው ይቀልጣል እንጂ ቁጥሩ አይዋሽም። እዚያ ጥግ ያለውን ስጠኝ።»

ጥግ ያለው ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ጫፉ ግን ቀጭን፣ ቁጥሩም ጉልህ። ብትነክረው ወዲያው ወርዶ ዜሮ ላይ ቀጥ አለ። አህያ ደስ ብሏት ገዛችው። እሷ ዞር ከማለቷ፣ ከኋላ ሲከተላት የነበረው አያ ጅቦ ተንደርድሮ መጣና ወርቅ ቅቡን አፈፍ አደረገ።

«አትሞክረውም እንዴ አያ ጅቦ?» አለ ቀበሮ፣ ሳቁን እየዋጠ።

«የምን መሞከር! እንዲህ እያብረቀረቀ ይዋሻል?»

ቀበሮ እጅ ነሥቶ ሸጠለት።

እሑድ አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሁለት የበግ ታፋ እሳት ላይ ዋለ። ሥጋው ቀላ፣ ስቡ ተንጠባጠበ። አያ ጅቦ ሽታውን መቋቋም አቃተው። «የሥጋ አለቃው አጥንቱ ነው!» አለና፣ ወርቅ ቅቡን ቴርሞሜትር በእሳቱ ከጋለው አጥንት ጋር እስኪጋጭ ሰካው። ቴርሞሜትሩ ዘጠና ብሎ ዘፈነ።

«በስሏል!» ብሎ ጅቡ ጨፈረ። እልልታው ቀለጠ።

አህያ ግን ከአጥንቱ ርቃ፣ ሥጋው የወፈረበትን ቦታ ፈልጋ እስከ መሃሉ ሰካችው። አርባ ስምንት። ጫፉን በሙቅ ውሃ አጥባ ሥጋውን ወደ እሳቱ መለሰችው።

«የጅቦ ደርሷል፣ የአንቺስ?» አለ አያ አንበሶ።

«ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«ቀልቷል እኮ!»

«ላዩ ቀልቷል፣ ውስጡ እሳቱን ገና አልሰማም።»

«ርቦኛል፣ አምጪ!» ብሎ አገሳ። ወፎች ከየዛፉ ተነሥተው በረሩ። አህያ ቴርሞሜትሩን መልሳ ሰካችው። ቁጥሩን ደግማ አየችው፤ ስልሳ አንድ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቢበሉኝም ገና ነው!»

እስከዚያ ቀን አንበሳን «ገና ነው» ያለው ማንም አልነበረም። አያ አንበሶ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ቁጥሩ ሰባ ሲገባ አህያ ሥጋውን አወጣች፤ ጥቂት አሳርፋም አቀረበችው። አያ አንበሶ በመጀመሪያ የጅቡን ቆረሰ። ደሙ በሳህኑ ላይ ተንዠቀዠቀ። እማማ ኤሊ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ሳህኑን አነሣችበት። ከዚያ የአህያን ቆረሰ። ከውስጥ የወጣው ጠራ ያለ ጭማቂ ብቻ ነበር። ጎረሰ፣ ደገመ፣ እስኪጨርስ ቀና አላለም።

«እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም!» አለ ጣቱን እየላሰ። «አሁን ይህን ጅብ ጥበሺልኝ።»

«እሺ ጌታዬ፤ ግን የጅብ ሥጋ በስንት ዲግሪ እንደሚበስል እማማ ኤሊ ትንገረኝ» አለች አህያ፣ ቴርሞሜትሯን እያወለወለች።

ኤሊ መልስ እስክትሰጥ የጠበቀ ጅብ የለም። አያ ጅቦ ጥሬውን ታፋ አፉ ውስጥ ወትፎ ሽምጥ ሲጋልብ አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። አህያን ግን አራዊቱ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘፈኑ አደባባዩን አዞሯት፤ ዕድሜ ልኳን ሌላውን ስትሸከም የኖረችውን አህያ በዚያን ቀን ሌሎች ተሸከሟት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳይዋሽ የሚለካውን መርጦ በትክክለኛው ቦታ የለካ ሰው ኃያል ቢቆጣው እንኳ «ገና ነው» ለማለት ድፍረት እንደሚያገኝ ነው።