አልጠርግ ያለው የዝናብ መጥረጊያ

ነገር ነገርን ይስባል፤ አንዱ ካንዱ ይያያዛል። ይህኛው የተያያዘው ከአንድ ቁራጭ ፋሻ ነው።

አባ ይማም በአናጢነት ያረጁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ የኖሩ ሰው ናቸው። ትናንት ደሴ ሄደው የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉና ፋሻ እንደታሰረባቸው ቦሩ ሜዳ ልጃቸው መዲና ቤት አደሩ። ሐኪሟ፣ «ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ይምጡና እፈታልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሥራ ወደ ሌላ አገር እሄዳለሁ» ብላቸዋለች።

ስለዚህ አባ ይማም ዛሬ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋሻው እንዲፈታ። «ቢበራልኝስ? ባይበራልኝስ?» የሚለውን ለማንም አልተነፈሱም። ያ ሐሳብ ብቅ ባለ ቁጥር ስለ ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። ዱሮም ጠያቂ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው።

ጠዋት የመዲና ጎረቤት ከማል አሮጌ መኪናውን አስነሳ። አባ ይማም ከፊት፣ መዲና ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ የሰኔ ዝናብ ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያም ዶፉ ወረደ። ከማል መጥረጊያውን ሲያስነሳው፣ ሲጥ… ጥርር… ሲጥ… የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ አባ ይማም።

«የዝናብ መጥረጊያው ነው፣ አባባ።»

«ሲጠርግ ይጮኻል እንዴ?»

«ደህናውስ አይጮህም። ይሄ እየጠረገ አይደለም፤ ውሃውን መስታወቱ ላይ እየቀባው ነው። መንገዱ ጠፋኝ።»

«ያንተም መስታወት የኔን ዓይን ሆነ በለኛ።»

ከማል አልሳቀም። ከፊቱ ገደል እንዳለ ያውቃል። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ መንደር ሲደርስ መኪናውን ጥግ አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። «ይቅርታ፣ አባባ። ሳላይ አልነዳም።»

መጥረጊያው አልጠርግ አለ፤ መስታወቱ አላሳይ አለ፤ ከማል አልነዳ አለ። የአባ ይማም ፋሻም እንደታሰረ ነው። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። የሚያልፉት ሚኒባሶች ሁሉ ጢም ብለው ሞልተዋል።

መንገዱ ዳር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሙሔ የሚባል ሰው አለ። መዲና ነጠላዋን ተከናንባ፣ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ከከማል ጋር ሱቁ ገባች። ሙሔ ወጣ ብሎ መኪናውን ከሩቅ አየው።

«መጥረጊያ ሞልቷል» አለ። «ግን አሮጌውን ፈታችሁ ካላመጣችሁልኝ አልሸጥም።»

«በስንዝር ለክተን ብንነግርህስ?» አለች መዲና።

«ርዝመቱን በስንዝር ታውቂዋለሽ፤ ከክንዱ ጋር የሚያያዝበትን አንገቱን በምን ታውቂዋለሽ? ያልገጠመ መጥረጊያ መንገድ ላይ ወልቆ ይሄዳል። ያኔ ብረቱ መስታወቱን ሲፍቀው ትሰሚዋለሽ።»

አባ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልኩን ሳያዩ በር የሚገጥሙ አናጢዎችን ያውቃሉ። «እውነቱን ነው» አሉ።

ሙሔ አልሸጥ አለ፤ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፤ መስታወቱ አላሳይ አለ፤ ከማል አልነዳ አለ። ፋሻውም እንደታሰረ ነው።

ከማል አሮጌውን ሊፈታ ቢሞክር ዝጎ ተጣብቋል። ከሱቁ አጠገብ የሚሠራውን መካኒክ በለጠን ጠራው። በለጠ ከማዳበሪያ ጆንያ ኮፍያ ሠርቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣና መጥረጊያውን በጣቱ ዳሰሰው።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«መኪናውን ከገዛሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ያኔም እሱው ነበር» አለ ከማል።

«ሁለት ዓመት!»

«ዕድሜው እስከ ስንት ነው?» አሉ አባ ይማም ከሱቁ ደጃፍ ሆነው።

«ስድስት ወር፤ በደንብ ከተያዘ እስከ ዓመት። ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።»

«ዝናብ ነው የሚጨርሰው?»

«ኧረ አይደለም፣ አባባ! ዝናቡማ ሥራው ነው። የሚጨርሰው በጋው ነው። ፀሐይ ላይ ተገትሮ ይውላል፤ አቧራ ይጠጣል። በዚያ ላይ ሰዉ አቧራ የያዘ መስታወት ላይ በደረቁ ያስነሳዋል። ላስቲኩን አሸዋ ይሞርደዋል፤ እሱ ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል።»

ከማል ወሬውን ለማሳጠር ቸኮለ። ሁልጊዜ ጠዋት የሚያደርገው እሱን ነውና።

«በል ፍታልን» አለ።

«ባዶ እጄን አልፈታውም፤ ፒንሳ ይፈልጋል። ፒንሳዬ ደግሞ እቴቴ አስካለ ጋ ነው።»

ፒንሳው የለም፤ በለጠ አልፈታ አለ፤ ሙሔ አልሸጥ አለ፤ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፤ መስታወቱ አላሳይ አለ፤ ከማል አልነዳ አለ። ፋሻውም እንደታሰረ ነው። አራት ሰዓት አለፈ።

እቴቴ አስካለ ከሱቁ ጀርባ ቁርስ ቤት አላት። ተከታትለው ሲገቡ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ቆማ አገኟት። የቧንቧው እጀታ ተሰብሮ ውሃው የሚከፈተው በበለጠ ፒንሳ ተነክሶ ነው። ከሥሩ በርሜል ተቀምጧል። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል።

«ፒንሳውን ለአንድ አፍታ» አለ በለጠ።

«አይሆንም፣ የኔ ወንድም» አለች አስካለ። «ፒንሳው ደግፎ ካልያዘው ቧንቧው ራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ውሃ የመጣው ገና ዛሬ በሳምንቱ ነው፤ ከሄደ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ሳህኑ ሁሉ እንዳደፈ ነው፤ ደንበኞቼ ለምሳ ይመጡብኛል። በርሜሉ ሳይሞላ አልሰጥም።»

«ስንት ደረሰ?»

«ገና ቂጡን አርሷል።»

በርሜሉ አልሞላ አለ፤ አስካለ አልሰጥ አለች፤ በለጠ አልፈታ አለ፤ ሙሔ አልሸጥ አለ፤ መጥረጊያው አልጠርግ አለ፤ መስታወቱ አላሳይ አለ፤ ከማል አልነዳ አለ። ፋሻውም እንደታሰረ ነው።

መዲና ሰዓቷን አየችና የአባቷን ክንድ ጠበቅ አደረገች። አባ ይማም ጊዜው እየሄደ መሆኑን ከእጇ አወቁ። ጣታቸው ሳያስቡት ፋሻው ላይ አረፈ። ያ ሐሳብ መጣ። ወዲያው ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑ።

«የኔ እመቤት፣ ይህ ቤት አሸንዳ የለውም?»

«ነበረው። ትናንት ንፋስ ጣለው። ምነው?»

«ውሃው ከቆርቆሮው በቀጥታ መሬት ላይ ሲዘረገፍ እሰማለሁ። ይህን ያህል ዝናብ ደጅሽ ላይ እየፈሰሰ ከቧንቧ ክር ትጠብቂያለሽ?»

አስካለ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መዲና፣ ከማልና በለጠም አብረዋት አዩ። ውሃው ጓሮውን ወንዝ አስመስሎታል።

«ብቻዬን እንዴት ላንሳው ብዬ ተውኩት» አለች ዝግ ብላ።

ከማል የወደቀውን አሸንዳ አንዱን ጫፍ፣ በለጠ ሌላውን ጫፍ ያዙ። አባ ይማም የሚዘረገፈውን እያዳመጡ ከታች ያዝዛሉ። «ወደ በርሜሉ በኩል አንድ ጣት ዝቅ። አሁን በሽቦ እሰሩት።» ውሃው መንገዱን አገኘ። በርሜሉ መጀመሪያ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ቀጥሎ ድምፁ እየወፈረ ሄደ፤ በመጨረሻም ጸጥ ብሎ ገነፈለ።

በርሜሉ ሞላ፤ አስካለ ፒንሳውን ሰጠች፤ በለጠ አሮጌውን ፈታ፤ ሙሔ አንገቱን አይቶ ልኩን ሸጠ።

አባ ይማም አሮጌውን ተቀብለው ላስቲኩን በጣታቸው ዳሰሱት። እንደ ደረቀ ጠፍር ተሰነጣጥቋል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ያዝ የሚያደርግ ነገር አለው። «ምን ትቀባው ነበር፣ ልጄ?»

«ናፍጣ» አለ ከማል አፍሮ። «ጥቁረቱ እንዲያብለጨልጭ።»

«ናፍጣ ላስቲክ ይበላል» አለ በለጠ፣ አዲሱን እየገጠመ። «ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። በሳምንት አንዴ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ መስታወቱንም እጠበው። ስታቆም ጥላ ፈልግለት። መጮህ ከጀመረ ወይም መስመር ከተወ፣ ዝናብ መንገድ ላይ እስኪይዝህ አትጠብቅ።» ከዚያም አሮጌው የቀባውን ጭቃ ከመስታወቱ ላይ በሳሙና አጥቦ፣ «አስነሳው» አለ።

አባ ይማም ወንበራቸው ላይ ሆነው አዳመጡ። ሲጥታው የለም። ሽው፣ ሽው ብቻ ነው።

መጥረጊያው ጠረገ፤ መስታወቱ አሳየ፤ ከማል ነዳ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሆስፒታሉ ደጃፍ ደረሱ። ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ በኮሪደሩ ስትወጣ አገኟት። አየቻቸውና ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ፋሻው አንድ ዙር ተፈታ፤ ሁለት ዙር ተፈታ። አባ ይማም የሚጠይቁት ጥያቄ አለቀባቸው። ጥጡ ተነሳ።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፤ በጣም ብዙ ብርሃን። ቀጥሎ መስኮት መጣ። ቀጥሎ ሐኪሟ ያነሳቻቸው ጣቶች መጡ፤ ሦስት ናቸው። ከዚያ አባ ይማም ዞሩ። ከጎናቸው አንዲት ሴት ቆማለች፤ ነጠላዋ ርሶ ከራሷ ወደ ኋላ ወርዷል። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«መዲና፣ ይህ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብሽ?»

መዲና እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች፤ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት።

«እርስዎ በማያዩበት ጊዜ ነዋ፣ አባዬ።»