በበሩ በኩል ብቻ የወፈረ ግድግዳ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ። አንቺ አመልማል፣ «አክስቴ፣ ቀበሌው የግድግዳውን ውፍረት የሚለካው በሩ ጋ ብቻ ከሆነ፣ ሌላውን ግድግዳ ባሳሳው ማን ያውቃል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን ሰው የማነሣልሽ።

በዚያ አገር እንጨት አለቀ። ሰው ለማገዶ የአጥሩን እሾህ ይነቅል ጀመር። ሹሙ ይህን አይቶ፣ «አዲስ ቤት ሲሠራ ግድግዳውን ሁለት ክንድ ላወፈረ፣ የጥድ ሳንቃ በር እሰጠዋለሁ። ወፍራም ግድግዳ ሙቀት ይይዛል፤ በትንሽ ማገዶ ያሳድራል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። የጥድ በር! እንኳን በር፣ የጥድ ማንኪያ ያለው ሰው ይኮራ ነበር እዚያ።

ገበሬው ድንጋይ መሸከም ታከተው። የግድግዳ ውፍረት የሚታየው በር ላይ መሆኑን ያውቃል። የበሩን ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ አድርጎ ካበ፤ የቀረውን ዙሪያ ስንዝር በማይሞላ ድንጋይ ክቦ በጭቃ ለሰነው።

እርጉዝ ሚስቱ አየችው። «አንተ ሰው፣ የምንተኛው በሩ ላይ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ! ለኪ ግድግዳ አይበሳም።»

ለኪው መጣ፤ በሩ ላይ ክንዱን ዘረጋ፤ «ጎበዝ!» ብሎ ሄደ። በሩም ተሰጠ። ገበሬው እየከፈተ እየዘጋ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ።

ሐምሌ ገባ፤ ሚስቱ ወለደች። ጉሙ መንደሩን ዋጠው። ግድግዳው ከውስጥ ያልበው ጀመር። እሳት ያነዳሉ፤ ሙቀቱ ሾልኮ ይሄዳል። የክረምቱ ማገዶ በዘጠኝ ቀን አለቀ። በዐሥረኛው ቀን ረፋዱ ላይ የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። ማልቀስ ተወ። ጡት ቢሰጡት አልያዘም። ስናገረው እንኳ ጠጉሬ ይቆማል!

«ልጄ ቀዘቀዘብኝ! አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» አለች እናቱ።

ዙሪያውን ቢያይ የሚነድ የለም። ምሳሩን አነሣና የጥድ በሩን ፈለጠው።

እሳቱ ቦግ አለ። ጥድ መንበልበሉን ያውቅበታል፤ መውረዱም ግን ፈጥኖ ነው። ሲወርድ ነፋሱ ክፍቱን ደጃፍ አግኝቶ ገባ። አሁን የሚዘጋም ነገር የለም። ሚስቲቱ ሕፃኑን ገላዋ ላይ አጣብቃ በጭቃው ውስጥ ወደ አንዲት ድኻ ጎረቤት ሮጠች። አራስ እኮ ናት! ያቺ ድኻ ቤቷን ዙሪያውን ሁለት ክንድ አድርጋ ያስካበች ነበረች፤ በእፍኝ ፍም ቤቷ ሞቆ ነበር። ገበሬው ተከትሎ ደረሰ፤ ለመግባት ግን ፈርቶ ደጅ ቆመ። ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ እሱም አልተነፈሰም። አለቀሰ፤ ተመስገን።

እንግዲህ አመልማል፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ቀበሌው ግድግዳ ላወፈረ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ማለቱ እሰየው ነው፤ እልል ብለሽ ተቀበይ! ለኪው ግን ለክቶ ቤቱ ይገባል። ካንቺ ጋር የሚያድረው ብርዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ነው የሚለካ። ያ ሰው ልጁ ተርፎለታል፤ ሁሉም አይተርፍለትም። ሆድሽ ገፍቷል፤ እኔም ፈርቻለሁ። በይ ተነሺ፣ አልጋሽን የምትዘረጊበትን ግድግዳ አሳዪኝ።