ሥሩ የታጠበው ዝግባ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው አፈርም ዛፍም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን ነው። እግዚአብሔር ከፈቀደ ምን የማይናገር አለ?

አባ ዘወልድ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። በራቁት ኮረብታ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራና ለግቢው ጥላ ፈለጉ። ከአሮጌው ደብር ጫካ ሄደው አንድ የዝግባ ችግኝ ነቀሉ። በሥሩ ላይ ጥቁር አፈርና ቀጭን ነጭ ክር ተጣብቋል።

«ይህን ሻጋታ ይዘህማ ወደ እግዚአብሔር ቤት አትገባም!» አሉና በጠበል አጠቡት። አንዴ በአብ ስም፣ አንዴ በወልድ ስም፣ አንዴ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ከዚያ ኮረብታው ላይ ተከሉት፤ በዙሪያው የነበረውን ሣር ሁሉ ነቃቅለው ጠረጉለት።

ችግኙ ግን ከቀን ወደ ቀን ገረጣ። ግራ ገባው።

የኮረብታውን አፈር ጠየቀ። «ጠዋት ማታ ውኃ እጠጣለሁ፣ ጥሜ አይቆረጥም። ምን ሆኜ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለው አፈር። «ስንት ዓመት ጎርፍ ሲያጥበኝ የኖርኩ ድሃ ነኝ።»

ከኮረብታው ጥግ ብቻውን የቆመውን ባሕር ዛፍ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው?»

«ጎረቤት በዝቶብህ ነው! እኔ ከሥሬ ሣር እንኳ አላስጠጋም» አለና የችግኙን ውኃ ግጥም አድርጎ ጠጣበት።

የቀጋዋን ቁጥቋጦ ጠየቀ። «እትዬ ቀጋ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ጎረቤት አንሶህ ነው እንጂ! ፀሐዩ አናትህን ሲመታህ አያለሁ። አጠገቤ ቢተክሉህ ጥላዬ ይበቃህ ነበር።»

«አንዱ አላውቅም ይላል፣ አንዱ በዛ ይላል፣ አንዷ አነሰ ትላለች። ጌታዬ፣ ማንን ልመን?» እያለ አለቀሰ። አንድ ቅጠልም ጣለ።

አባ ዘወልድ ይህን ሲያዩ እሳቸውም ግራ ተጋቡ። ሦስት ቀን ጸለዩ። ከዚያ፣ ይሄ ሊሞት ነው፣ ሌላ ላምጣ ብለው ወደ አሮጌው ጫካ ሄዱ። ሊነቅሉ ጎንበስ ሲሉ ከአፈሩ ውስጥ ነጩ ክር ጮኸ።

«አባ! ይህንንም ልጅ ሊያስርቡት ነው?»

«በስመ አብ! አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የእንጉዳይ ዘመድ ነኝ። ሥሩ የማይደርስበት ሄጄ ውኃና ምግብ አመጣለታለሁ፤ እሱ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ጣፋጭ ያጎርሰኛል። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ችግኝ ላይ ሻጋታ ብለው አጥበው ጣሉኝ።»

«በጠበል ማጠቤ ጥፋት ሆነ?»

«ጠበሉ ምን አደረገ፣ አባ? እጅዎ ነው የፈጠነው።»

አባ ተንበረከኩ። ጋቢያቸውን ዘረጉና ጥቁሩን አፈር ከነክሩ ዘግነው ተሸከሙ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ችግኙን ቀስ ብለው አንስተው ፀሐዩ እንዳይመታው ከቀጋዋ ጥላ ሥር አዛወሩት። ሥሩንም ጥቁሩን አፈር አለበሱት።

«መነኩሴው ቆሻሻ ተሸክመው መጡ!» ብሎ ባሕር ዛፍ ሳቀ። አባ አንገታቸውን ደፍተው ጸለዩ።

ክረምት ገባ። ችግኙ ከአናቱ አንድ ለጋ ቅጠል አወጣ። ደስ አለው፤ ግራ መጋባቱ ግን አልለቀቀውም።

«አንተ ክር፣ እኔ ራሴ ነኝ ያደግሁት? ወይስ አንተ ነህ ያሳደግኸኝ? ወይስ እትዬ ቀጋ?»

«እኔም ለይቼ አላውቀውም። ብላ፣ አጉርሰኝ፣ እደግ።»

ልጆቼ፣ ለእኔም ነገሩ ሁሉ አልገባኝም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ብቻውን ያደገ የለም፤ የሚያጎርሰንም እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ መስሎ አይታየንም። የእኔ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ፣ የጎደለውን እግዚአብሔር ይሙላላችሁ።