የጓንጉል ድር

ሰው ተናዶ ከገዛ ሥራው ጋር ግብግብ ሲገጥም፣ ሽማግሌዎች ፈገግ ብለው ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። ከሜዳ የበቀለች አይደለችም፤ ከአንድ ሸማኔ ደጃፍ ነው የተነሳችው።

ሸማኔው ጓንጉል ይባላል። ልጁን ሊድር ጥቂት ቀን ሲቀረው ለሙሽራዋ ቀሚስ የሚሆነውን ድር ደጁ ላይ በችካል ወጥሮ ሳለ፣ ገመዱን የበጠሰ ጥጃ መጣና መሃል ለመሃል ጥሶት አለፈ። ክሩ ተተበተበ። ፈትሉ የአማቱ ነበር፤ ዓይናቸው ሳይደክም በፊት የፈተሉት የመጨረሻው። ሌላ የለም።

ጓንጉል ጥጃውን እየረገመ ክሩን ይጎትታል። በጎተተ ቁጥር ቋጠሮው እንደ ጠጠር ይጠነክራል።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ትንሽ አረፍ በል!» አለችው ሚስቱ ይታክቱ።

«አርፌ ልጄን ራቁቷን ልዳራት?» አለና ሊቆርጠው ቢላ አነሳ።

ይኼኔ ጎረቤታቸው አባ ተካልኝ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ። ቢላውን አዩ፣ ድሩን አዩ፤ ምንም እንዳላየ ሰው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ጓንጉል፣ መንገዱ አደከመኝ። እግሬን አታጥበኝም?»

«አሁን፣ አባ?»

«ኋላማ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።»

እግሬን እጠቡኝ ያለ እንግዳ እምቢ አይባልም። ጓንጉል ጥርሱን ነክሶ ቢላውን አስቀመጠ። ይታክቱ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቀረበችለት።

«ቀስ በል እንጂ! እግር ነው፤ የድስት ቂጥ መሰለህ እንዴ የምትፈገፍገው?» አሉት አባ።

ይታክቱን ሳቅ አመለጣት። ጓንጉልም ሳይወድ ሳቀ። ለብታው ጣቶቹን አፍታታቸው፤ ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹም ረዘም አለ። ተረከዛቸውን እያሸ ስለ ልጁ ያጫውታቸው ጀመር፤ ከእሷ ይልቅ ስለ ጥጃው ሲያወራ እንደዋለ ያን ጊዜ ታወቀው።

አባ መርቀውት ሲያበቁ «በል አሁን ክርህን እየው» አሉት።

ይታክቱ በዚህ መሃል ድሩን ከችካሉ አውርዳ ጥላ ሥር አኑራው ነበር። ውጥረቱ ሲቀርለት ቋጠሮው ሳስቷል። ጓንጉል ተንበርክኮ በሁለት ጣቱ ቢዳብሰው፣ የጠፋው ጫፍ ከመሃል ብቅ አለ። ቀስ አድርጎ ሳብ ሲያደርገው አንዱ ክር ሌላውን እየፈታ መጣ፤ አንድም አልተበጠሰ።

«አባ፣ ምን ጸሎት ደገሙበት?» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አባ ተካልኝ እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ፣ አንዴ ክሩን አንዴ ሰውየውን አዩና፣ «ሲጎትቱት ጠበቀ፣ ሲተዉት ለቀቀ» አሉ።