ከአጥሩ ሥር የበቀለው ቅጠል

አንድ በቆላ አገር የሚኖር መድኃኒት አዋቂ ነበር። ንብ ወይም ጊንጥ የነደፈው ሁሉ ወደ እርሱ ይሮጣል። ቅጠሉን የሚቆርጠው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሣ ነው። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ይወቅጠዋል፤ ማንም እንዳይለየው ከሰል ይደባልቅበትና ጥቁር ዱቄት አድርጎት ይወጣል። ዱቄቱ ያድን ነበር፤ ይህን አልክድም። እኔን የሚያበግነኝ ሌላው ነው።

ንብ አናቢ ጎረቤቱ አንድ ቀን ለመነው። "አያ ሽባባው፣ አንተ መንገድ የሄድህ ቀን ምን ይውጠናል? ቅጠሉን እንኳ አሳየን።"

"መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል" አለ አዋቂው ኮስተር ብሎ። "ስሞት ለወንድ ልጄ እነግራለሁ።"

ወንድ ልጅ የለውም። ያለችው ትርንጎ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሚስቱ ጥሩአየር ይህን ብታስታውሰው፣ "እግዜር ይሰጠኛል። ሴት ነገ ባል አግብታ ምስጢሬን ለባዳ ታወጣለች" ብሎ ዝም አሰኛት። አንቺም ሴት ነሽ ማለቱ ነው።

አዋቂው ለቅሶ ሊደርስ ወንዝ ማዶ በሄደበት ቀን የጎረቤቱ ንብ ተቆጣ። ትርንጎን ደጅ ስትጫወት አግኝቶ ወረራት። ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ጎረቤቱ አባትየውን ሊጠራ በረረ። እናቷ ጓዳ ገብታ የባሏን ከረጢቶች ዘረገፈች። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር ዱቄት። የንቡ የትኛው ነው? የኮሶው የትኛው ነው? የጅብ መግደያውስ? አንዱን እያነሣች አንዱን እየጣለች ቀረች።

አዋቂው እያለከለከ ደረሰ። ሰው እንደሚያየውም ረሳ። ልጅቷ ከተኛችበት ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ቀጠፈና በመዳፉ አሸው። ትርንጎ ግን ትንፋሿ ቆሞ ነበር።

"ይኼ ነው?" አለች ጥሩአየር። "በየክረምቱ አረም ነው ብዬ እየነቀልሁ የምጥለው? ዐሥር ዓመት አብሬህ ስኖር ለእኔ እንኳ? ልጄን የገደላት ንብ አይደለም፤ አንተ ነህ!"

አዋቂው ቅጠሉን እንደ ጨበጠ ቆመ።

እስከ መጨረሻው የመድኃኒቱን ስም አልጠራም። ክብሩን ጠበቀ እንበል? ሰው የሚያድን እውቀት ይዞ የሚደብቅ፣ ማንን ከመዳን እንደሚከለክል አያውቅም፤ የገዛ ልጁ ልትሆን ትችላለች። በሙያውም፣ በቢሮውም፣ በቤቱም እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል።

እናንተስ፣ ከሰል ደባልቃችሁ ጓዳ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? እናንተ በሌላችሁበት ቀን ማን ይፈልገው ይሆን?