እጇን የደበቀችው የወጌሻ ልጅ

ማስተዋል የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ጡረታ ከወጡት የቀድሞ መምህርቷ ቤት ሄዳ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ ባለፈው ዓመት ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ‹ወንዱ› እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። አብራኝ የምትመለሰው ጓደኛዬ እንኳ መንገድ ቀየረችብኝ። ስለዚህ ዘንድሮ ፈተና ላይ ከማውቀው ጥያቄ ስድስቱን ሆን ብዬ ሳትሁ። አሁን ሁሉም ታረቁኝ። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። ግን እኔ ማንን በደልሁ?»

 መምህርቷም ይህን ታሪክ ነገሯት።

አንድ ወጌሻ ነበረ። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነች። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ስለነበር ልጅቷን ከጎኑ አይለያትም፤ እሱ የተሰበረ ሲጠግን እሷ የሕመምተኛውን ተረከዝ ይዛ አደገች። ወለምታው ከስብራት፣ ስንጥቁ ከውልቃት በምን እንደሚለይ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ጣቷ ራሱ ተማረ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ከአባቷ በለጠች። ይህን ከሁሉ በፊት ያወቀው አባቷ ነው፤ ደስም አለው። አንድ ቀን ትከሻው የወለቀ ነጋዴ መጣ። አባቷ ሦስት ጊዜ ስቦ እምቢ ሲለው ላቡን ጠረገና «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አላት። እሷም ክንዱን ቀስ አድርጋ ወደ ውጭ ስታዞረው ቋ ብሎ ገባ። ነጋዴው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ነጋዴ ደግሞ አፍ አለው፤ በየገበያው አወራላት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ደጃፍ ቆሞ «ጌታው አሉ?» ማለቱን ተወና «ልጅቷ አለች?» ይል ጀመር።

ክፉ የተናገራት የለም። አስተውይ፤ የመታት የለም፤ የከለከላትም የለም። ብቻ ውኃ አብራት የምትቀዳው ባልንጀራዋ ቀድማ ወርዳ ቀድማ መመለስ አመጣች። እሷ ስትደርስ ጨዋታቸውን የሚያቋርጡ ሴቶች በዙ። ከወንዝ ማዶ ካለ አንድ ባለጸጋ ቤት ሽማግሌ ይላካል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እሱም ቀረ። አክስቷ ምክንያቱን አጣርታ መጣች።

«የልጁ እናት ምን አለች መሰለሽ? ‹ልጄን የወለድሁት የእገሊት ባል እየተባለ እንዲጠራ አይደለም› አለች። ልጄ፣ የሴት ስም ከባሏ ስም ቀድሞ ገበያ ከወጣ ጎጆዋ አይቀናም። ትንሽ ዝቅ በይ። እወቂ፤ ማን ከለከለሽ? ብቻ አታሳዪው።»

ልጅቷ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ከዚያ እጇን መደበቅ ጀመረች። ስብራቱ የት እንደሆነ በአንድ ዳሰሳ እያወቀች «አልታየኝም» ትላለች። ሰው ሲያያት ማሰሪያውን አላልታ ታስርና አባቷ ፈትቶ ደግሞ እስኪያስረው ትጠብቃለች። ሰዉም «የዚያን ቀኑ ዕድል ነው እንጂ ድሮስ የሴት እጅ!» አለ። ባልንጀራዋ ተመልሳ አብራት ውኃ መቅዳት ጀመረች፤ ያ የተወራለት ሽማግሌም ተላከ፤ ወጌሻውም እሺ አለ። ልጅቷ ቀለል አላት። ውሸት አልነግርሽም፤ ጣፈጣት። ብቻውን ቆሞ ለሰነበተ ሰው መታረቅን የመሰለ ነገር የለም።

በኅዳር አንድ ገበሬ የጤፍ ክምር ላይ ሆኖ ሲከምር ተንሸራቶ ወደቀና የእግሩ አገዳ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣው። ከአራቱ አንዱ የእጮኛዋ አባት ነበር። ወጌሻው በዚያን ጊዜ ዓይኑ ደክሟል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ሳበ፣ ገጣጠመ፣ «እንዴት ነው?» ብሎ ልጁን ጠየቃት።

እሷ ተረከዙን እንደያዘች ሌላውን እጇን በአገዳው ላይ አሳለፈች። አውራ ጣቷ ሥር ጥርብ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተሰማት። አጥንቱ አልተገናኘም፤ ተደራርቧል። ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀና ስትል የእጮኛዋን አባት ዓይን አየች።

«ደህና ነው፣ አባ» አለች።

በቀርከሃ ስንጥር ደግፈው አሰሩት። አርባ ቀን ሆኖት ሲፈታ እግሩ አጥሮና ጎብጦ ተገኘ። ገበሬው ዘንግ ተደግፎ ሦስት እርምጃ ሄደና ቆመ።  የዚያን ዓመት ምርት ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ብቻቸውን ወቁት። ወጌሻው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሰበረ ሲመጣበት «ሌላ ፈልጉ፤ የኔ እጅ ሞቷል» እያለ ይመልስ ጀመር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ልጁ ምግብ ስታቀርብለት ሁለት እጁን አገላብጦ ያያቸውና ሳይበላ ያስነሣዋል። እሷም አይታ ዝም አለች። ዝምታ አንዴ ከጀመሩት ለሁለተኛው ቀን አያስቸግርም።

በጥር ቃል የሚታሰርበት ቀን ደረሰ። የወንዱ ወገኖች መጡ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ያ ገበሬም ዘንጉን ይዞ እያነከሰ መጣ። ወጌሻው ሲያየው አንገቱን ደፋ። ገበሬው አጠገቡ ተቀመጠና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለው።

«አባባ፣ ስለኔ ቀን በቀን እንደሚያዝኑ ሰማሁ። እኔ አልተቀየምሁም። እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል፤ የቀረው የእግዜር ሥራ ነው። በልጅዎ ደስታ ቀን አንገትዎን አይድፉብኝ።»

ልጅቷ ከጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ቢሰድባት ትችለው ነበር። ይቅርታውን ግን አልቻለችውም። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጥታ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቆመች።

«የእግዜር ሥራ አይደለም» አለች። «የአባቴም ጥፋት አይደለም። ያን ቀን አጥንቱ እንዳልገጠመ በእጄ አውቄያለሁ። እያወቅሁ ደህና ነው አልሁ።»

 የእጮኛዋ አባት «ለምን?» አላት።

«እርስዎ ቆመው ያዩኝ ስለነበር። ከአባቴ በለጠች እንዳይሉኝ። ልጅዎን እንዳይከለክሉኝ።»

የወንዱ ወገኖች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዘንጋቸውን አነሡ፤ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ አንድ በአንድ ወጡ። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ደረቷን ትመታ ነበር። ወጌሻው ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«አሁንስ?» አላት። «አሁንስ እጅሽ ምን ይላል?»

እሷም ከገበሬው እግር ሥር ተንበርክካ ዳሰሰችው። እንባዋ አገዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ገና አልጠነከረም። እንደገና ተሰብሮ ቢታሰር ይቀናል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽህም» አለችው ገበሬውን።

«ሁለተኛ ልትሰብሪኝ ነው?» አለ ገበሬው።

«አዎ።»

ገበሬው ወደ ደጅ ተመለከተ። ሚስቱ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታየዋለች፤ መዳፏ በውቂያው ቆስሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ በጥርሱ ያዘና እግሩን ዘረጋላት። ወጌሻው ከግድግዳው ተነሥቶ መጣ። ያን ቀን ተረከዙን የያዘው አባት ነው፤ የጠገነችው ልጁ ነች።

ገበሬው በሰኔ ዕርፍ ጨብጦ አረሰ። በዝናብ ቀን ግን እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ እጇን ከማንም አልደበቀችም።

መምህርቷ እዚህ ላይ ሲያቆሙ ማስተዋል «ባልስ አገባች?» አለች።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ ብሰማው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር» አሏት። «አግብታለች፤ ዘግይታ። ግን እሱን ልነግርሽ አልተነሣሁም። አንቺ የጠየቅሽኝ ማንን በደልሁ ብለሽ ነው።

«ወንዱ ብለው የሰደቡሽ፣ መንገድ የቀየረችብሽም፣ በድለውሻል። የነሱን ዕዳ በአንቺ ላይ አልጭንም። ልጅቷንም ያስፈራት ሰው ነው፤ ፍርሃቷ ከሰማይ አልወረደም። ነገር ግን ልጄ፣ የምታውቂው ነገር ያንቺ ብቻ አይደለም። ያ የወጌሻ ልጅ እጅ የገበሬው እግር ነበር፤ የሚስቱ መዳፍ፣ የአባቷም ክብር ነበር። እሷ የራሷን የደበቀች መስሏት የሰውን ደበቀች።

«ስድስት ጥያቄ ብስት ማን ተጎዳ ትያለሽ። እውነትሽን ነው፤ የተጎዳውን ዛሬ ብትፈልጊው አታገኚውም። እሷ ቀና ብትል ሕመምተኛውን ፊት ለፊቷ ታየው ነበር። አንቺ እጅሽን የደበቅሽበት፣ ነገ የሚፈልግሽ ሰው ግን አይታይሽም። ገና አልወደቀምና።»