ካሣ የማን ልጅ?

በአንድ ወቅት፣ ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ ካሣ የሚባል ሰው ነበረ። ምን ይደንቃል ትሉኝ ይሆናል፤ ካሣ የሌለበት መንደር የት አለ? ገበያ መሃል ቆማችሁ «ካሣ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያተኛ «አቤት» ይላችኋል። ስሙ የበዛው ሐዘን ስለበዛ ነው። ሰው ሞቶበት ልጅ የተወለደለት ቤት ልጁን ምትኩ ይለዋል፣ ማስረሻ ይለዋል፣ ተካ ይለዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ካሣ ይለዋል። ለሄደው ሰው እግዜር የሰጠን ነው ማለታቸው ነው። እኔ የምነግራችሁ ካሣ ግን እንደ ሌላው ካሣ አይደለም። ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

አባቱ ጓንጉል ይባላል። ከጎረቤቱ ከወንድይራድ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣሉና ወንድይራድ በዱላ አናቱን አለው። ጓንጉልን በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ አስገቡት። ሚስቱ የኋላእሸት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ደርሷል። ወንድሞቹ አልጋውን ከበው «ደምህ መሬት አይቀርም!» እያሉ ይምላሉ።

ያን ጊዜ ደም እንዴት እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። እነዚህ ከእነዚያ ይገድላሉ፣ እነዚያም ከእነዚህ። ወንድ ልጅ ከአንቀልባ ሳይወርድ ይቆጠራል፤ ነገ አድጎ ይገድለናል ተብሎ እሱም ይታደናል። ጓንጉል ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ማንም ደሜን እንዳይመልስ» አለ።

«ምን ትላለህ አንተ!» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«የሚወለደው ልጅ ለእኔ ካሣ ነው። ስሙንም ካሣ በሉት። ሌላ ደም አልፈልግም፤ ማሉልኝ።»

እያለቀሱ ማሉለት። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረና «የኋላዬ፣ ልጄ ስሜን ይጥራልኝ፤ ሌላ የምተወው የለኝም» አላት። እሷም ማለችለት። ትንሽ ቆይቶ ሞተ። አናቱን ተፈልጦ የገዳዩን ቤት የሚያድን ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ካሣ ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ነበር።

ወንድይራድ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ሽማግሌዎች ፊት ወደቀ። እነሱም ደም አደረቁ፤ አስታረቁ ማለት ነው። ሲነሣ በእናቱ እቅፍ ያለውን አዲስ የተወለደውን ካሣን እያየ፣ «ከእንግዲህ የዚህ ልጅ ነፍስ በእኔ ላይ አደራ ናት» አለ። ሰው ግን የደነገጠ ሰው ንግግር ነው ብሎ ብዙም ልብ አላለው።

ካሣ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር አገሩ ውስጥ ፈንጣጣ ገባ። እናትና ልጅ አብረው ተያዙ። በዚያ አገር ልማድ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ከመንደር ራቅ ብሎ ጎጆ ይቀለስለታል፤ የሚያስታምመውም ቀድሞ ይዞት የዳነ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ሰው ታጣ። ዘመድ እንኳ ውኃውን ከሩቅ አስቀምጦ ይሮጣል። የኋላእሸት ደግሞ ተነሥታ ውኃውን የምታመጣበት አቅም አልነበራትም።

ዘርጋው የሚባል የጨው ነጋዴ ከጓደኞቹ ጋር አህዮቹን እየነዳ በዚያ ሲያልፍ የልጅ ለቅሶ ሰማ። መንገዱን ትቶ ወደ ጎጆው ሲያቀና ሰዎች ከማዶ ጮኹበት።

«አንተ ሰው! ፈንጣጣ ነው፣ እንዳትገባ!»

«ልጁ ተጠምቷል እኮ» አላቸውና ገባ።

ገብቶም አልወጣ። ሁለቱን አጠጣ፣ አጎረሰ፣ ቁስላቸውን አጠበ። እነሱ ሲሻላቸው ፈንጣጣው እሱን ጣለው። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለት ዓይኖቹ ግን ጠፉ። ጓደኞቹም አህዮቹን ነድተው ሄደዋል። የኋላእሸት «መንገድህ በእኛ ምክንያት ጨለመ፤ እዚሁ ቅር» አለችውና ተጋቡ። ልጅ ግን አልወለዱም። ካሣ አፉን የፈታው «አባዬ» ብሎ ነው፤ የጠራውም ዘርጋውን ነው። ዘርጋው የልጁን ትከሻ ይዞ እየሄደ፣ ሰው ሲናገር አስጨርሶ መስማትን፣ ሳያመዛዝኑ አለመፍረድን አስተማረው። እንግዲህ ጓንጉል የት ገባ እንዳትሉኝ፤ ሙት ምን ያድርግ!

ወንድይራድም አንድ ልጅ ነበረው፣ መኩሪያ የሚባል። ከካሣ ጋር እኩያ ናቸው፤ የአባቶቻቸው ጠብ እነሱን አላገዳቸውም። አንድ ክረምት ሁለቱ ወንዙን ሲሻገሩ ደራሽ ውኃ መጣ። ወንድይራድ ሞፈሩን ጥሎ ከእርሻው ሮጦ ገባ። አንዱ ልጅ በወዲህ በኩል ሥር ጨብጧል፤ አንዱ በወዲያ በኩል ድንጋይ አቅፏል። ሁለቱ ጋ መድረስ አይቻልም።

«አባባ!» አለ መኩሪያ።

ወንድይራድ ልጁን አየው። አየውና ፊቱን አዞረ፤ ካሣን ያዘ። ዳር አውጥቶት ሲመለስ ድንጋዩ ብቻውን ነበር።

«ምነው ወንድይራድ? ምነው?» አሉት ሰዎች።

«አደራ ነበረብኝ» ብቻ አለ።

ሚስቱ ከዚያን ቀን ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ከመካከላችሁ ጅል ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። እኔ ግን ስለዚያ ሰው ሳስብ ቆሜ እጅ መንሣት ያምረኛል፤ ደግሞ ወዲያው እቆጣዋለሁ። ልጁ እኮ ነው! ኧረ ልጁ ነው!

ካሣ አደገ። አስተዋይ፣ ትሑት፣ ነገር አዋቂ ሆነና ወረዳው ጭቃ ሹም ይሁንልን አለ። ጭቃ ሹም የመንደር ሹም ነው። በዚያ አገር ተሿሚ የአባቱን ስም በአደባባይ የሚጠራው በራሱ አፍ ነው። አንዴ ከጠራ አይመለስም። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ሰባት ቤት ሲቆጥሩ በዚያ ስም ይቆጥራሉ። ያልተጠራው ደግሞ ዘር ከሌለው ያበቃለታል፤ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ስሙን የሚያነሣ አይኖርም። ጓንጉልም፣ ዘርጋውም፣ ወንድይራድም ደግሞ ከካሣ በቀር ስማቸውን የሚያስጠራላቸው የለም።

ሕዝቡ ግራር ሥር ተሰበሰበ። አዋጅ ነጋሪው «ስምህን ከነአባትህ ጥራ!» ሲል ካሣ ገና ሳይነሣ ወንድይራድ ብድግ አለ። ሸምግሏል።

«አቤት! ገዳይ መሆኔን አውቃለሁ፤ አትንገሩኝ። ግን መኩሪያ ወንድይራድ የሚባል ሰው ዛሬ ሊኖር ይችል ነበር። የዚህን ልጅ እጅ የያዝኩት የዚያን ለቅቄ ነው። ካሣ ወንድይራድ ይበልልኝ፤ ሌላ አልለምንም።»

«ኧግ!» አለ ሕዝቡ። ገሚሱ ተቆጣ፣ ገሚሱ አለቀሰ።

ዘርጋው በዱላው መሬት እየዳሰሰ ተነሣ።

«እኔ የልጄን መልክ የማውቀው በፈንጣጣ አብጦ ነው» አለ። «ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አባዬ ሲለኝ ግን አቤት እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ በሰው ፊት ሌላ ሰው አባቴ ሲል ብሰማ፣ ምን ብዬ ቤቴ እገባለሁ? ማንስ መርቶ ያስገባኛል?»

ቀጥሎ የኋላእሸት ተነሣች። የዘርጋውን እጅ እንደያዘች ነው የተነሣችው።

«ለሟቹ ምያለሁ» አለች። «ይህ ሰው ዓይኑን ሰጥቶኛል፤ ባሌ ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጓንጉል ተነሥቶ ስለራሱ አይናገርም። ሲሞት የለመነው ስሙን ብቻ ነበር። እኔ ካልተናገርኩለት ማን ይናገርለታል?» ብላ ቁጭ አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘርጋው እጇን አልለቀቀም።

ሦስቱንም ይጥራ የሚል ብልጥ አለ መሰለኝ፤ አይሆንም! ሰው የሚጠራው አንድ አባት ነው። ይወስኑለት ብላችሁ ሽማግሌዎቹንም እንዳታዩ፤ መሬት መሬት እያዩ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ነገር የቆረጡ ሰዎች ይህን ግን ለራሱ ለካሣ ተዉት።

ካሣ ተነሣ። ወንድይራድ አቀርቅሯል። ዘርጋው ጆሮውን ወደ ድምፁ አዘንብሏል። ጓንጉል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተኝቷል።

«ካሣ…» ብሎ ጀመረ።

ሕዝቡ ይጠብቃል። አንዱን ሲጠራ ሁለቱን ይቀብራል። እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?